አልቃሽዋ አያቴና የለንደን መድረኮች

ሰሞኑን አንድ የቻናሉ ቤተሰብ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ለንደን ተምረሃል አሉ፤ እዚያ ካየሃቸው ቴአትሮች የትኞቹን ትወዳለህ?" ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ሦስት ስም ጽፌ ልልክለት ነበር። ልልከው ስል ግን አራተኛ ነገር መጣብኝ። እሱን ትቼ ሦስቱን ብቻ መላክ ውሸት መሰለኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ለሁላችሁም ልንገራችሁ። ቡና ካለ አፍሉ።

ትውልዴ ሰላ ድንጋይ ነው፤ ሰሜን ሸዋ፣ ሞጃና ወደራ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ የነበረች የጥንት ከተማ ናት። ዛሬ የሚያውቋት ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሡት ብርዷን ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ጉም፣ ውርጭ። እኔ ሳድግ ቴአትር ማለት በሬዲዮ የሚሰማ ነገር ነበር። በዓይኔ ያየሁት አዲስ አበባ ለትምህርት ገብቼ፣ ብሔራዊ ቴአትር ነው። ከዚያ በ2009 ዓ.ም. ለማስተርስ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቼ አንድ ዓመት ለንደን ኖርኩ። ከምሳዬ እየቆጠብኩ ርካሽ ትኬት ሳሳድድ ከረምኩ።

*1. ዘ ላየን ኪንግ*

ሊሲየም በሚባል ቴአትር ቤት ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታይ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። የእኔ ወንበር ከጣሪያው ሥር ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው እርግብ ብቻ ነው። መብራቱ ጠፍቶ አንዲት ሴት በዙሉ ቋንቋ ድምጿን ስትለቀው ጸጉሬ ቆመ። ዝሆኑ ከተመልካቹ መሀል እየተራመደ ወደ መድረክ ወጣ። የአንበሳው ጭምብል የተዋናዩን ፊት አይሸፍንም፤ ከግንባሩ በላይ ነው የሚቀመጠው። አውሬውንም ሰውየውንም እኩል ታያለህ።

ያን እያየሁ ያሰብኩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ነው። እሳቸውም የእኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፣ የሰያ ደብር ልጅ። ከዓድዋ በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። አገራቸው ተመልሰውም "ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ" የሚል ተውኔት ጻፉ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው ይኸው ነው። ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው በአውሬ አፍ የዘመናቸውን አስተዳደር ነገሩት። ነገሩ የገባቸው አልሳቁም፤ ተውኔቱ ታገደ። እንግዲህ የእኛ መድረክም የተከፈተው በአውሬ ነው ማለት ነው። ከለንደኑ አንበሳ ብዙ ዓመት ቀድመን።

ተክለ ሐዋርያት ግን ውጭ ተምሮ የተመለሰ ሰው ዓይን ነበራቸው። አገር ቤት ያለው ዘፈንና ጭፈራ ብቻውን ቴአትር ሊባል አይችልም ባይ ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ያኔ እንደሳቸው ነበርኩ። ይህችን ያዙልኝ።

*2. ዘ ማውስትራፕ*

"የአይጥ ወጥመድ" ማለት ነው። የአጋታ ክሪስቲ የወንጀል ታሪክ። መታየት የጀመረው በ1952 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በእኛ 1945። የእኛ ብሔራዊ ቴአትር እንኳ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። አስቡት እንግዲህ!

እንደ ተውኔት ልቤን አልነካውም። የወደድኩት መጨረሻውን ነው። ሲያበቃ አንዱ ተዋናይ ወደ ፊት ወጥቶ "ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማንም አትንገሩ" ብሎ ይለምናል። ስንት አሥር ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያን ምስጢር ይዞ ይወጣል። እኔም አልነግራችሁም። ሸዬ ምስጢር ይችላል።

ያን ማታ አብራኝ የነበረች የክፍሌ ልጅ ሻይ እየጠጣን "አንተ በተወለድክበት ከተማ ቴአትር ነበረ?" አለችኝ።

"አልነበረም" አልኳት።

ምስጢር እችላለሁ ብያችሁ የለ? ይህችንም ምስጢር ከልጅነቴ ጀምሮ ስይዛት ነው የኖርኩት።

*3. ኪንግ ሊር*

ግሎብ የሼክስፒር ዘመን ቴአትር ቤት ነው፤ ዛሬ ያለው እንደ ጥንቱ ተመስሎ የተሠራውና በ1997 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ነው። ክብ ነው። መሀሉ ጣሪያ የለውም። ያኔ አምስት ፓውንድ ከፍለህ መሬቱ ላይ፣ መድረኩ ሥር ትቆም ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል። ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል ነው። አጠገቤ የነበሩት እንግሊዞች እግራቸውን እያፈራረቁ ሲያቃስቱ እኔ ምንም አልመሰለኝም። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በሦስት ሰዓት አይበገርም።

ታሪኩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ሊር ግዛቱን ለሦስት ሴት ልጆቹ ሲያካፍል፣ ማን አብልጣ እንደምትወደው በአፏ እንድትነግረው ይጠይቃል። ሁለቱ ያሽቃብጣሉ። ትንሿ ኮርዴሊያ እምቢ ትላለች፤ ይረግማታል። ኋላ አሽቃባጮቹ በዝናብና በነፋስ ሜዳ ላይ ይጥሉታል። እሱ በማዕበሉ ውስጥ ሲጮህ እውነተኛው የለንደን ዝናብ ጀመረን። ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ የተፈታበት ሳምንት። ሰላ ድንጋይም አሁን እንዲህ እያለ ይሆናል አልኩ።

መጨረሻ ላይ ሊር የኮርዴሊያን ሬሳ በክንዱ ተሸክሞ ወጣ። ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ፤ ከዚያ ስለ ድምጿ ልስላሴ ተናገረ። እኔ እንባዬ ወረደ። ለሊር አይደለም። ያን አወጣጥ፣ ያን ጩኸት፣ ያን ዝምታ፣ ሰው በክብ ቆሞ መሀል ያለውን አንድ ሰው ሲያይ የሚፈጠረውን ያን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ገና በእግሬ መሄድ ስጀምር ነው ያየሁት።

ስወጣ እቤት ደወልኩ። ለአያቴ ልነግራት ነበር። እህቴ አነሣችው።

"እምዬን አገናኝኝ።"

"ተኝታለች" አለችኝ።

"በዚህ ሰዓት? በይ ስትነቃ ደውዬ ነበር በያት" ብዬ ዘጋሁ።

*4. እምዬ*

አያቴ አልቃሽ ነበረች። ሙሾ አውራጅ። ያሳደገችኝም እሷ ናት። ሰው ሲሞት ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ይላክባት ነበር። ትንሽ ሆኜ ነጠላዋን ይዤ እከተላት ነበር። ስትደርስ መጀመሪያ አታለቅስም። ወደ ጓዳ ገብታ ቤተሰቡን ቀስ ብላ ትጠይቃለች፦ የበሬዎቹ ስም ማን ነበር? ጠመንጃውን ከማን ወረሰ? ከማን ጋር ተኳርፎ ሞተ? ከዚያ ትወጣና ከክቡ መሀል ትቆማለች። ዝም ትላለች። ሰዉም ዝም ይላል። ድምጿ ከታች ይጀምርና ሟቹን እዚያው ቁጭ ታደርገዋለች፦ አረማመዱን፣ ሲያርስ በሬዎቹን የሚጠራበትን፣ ለድሃ የሰጠውን፣ የነፈገውንም።

የማልረሳው አንድ ለቅሶ አለ። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር መሬት ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ አባታቸው ሞተ። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ቆመዋል። እምዬ የሁለቱንም ስም በአንድ ግጥም አስገብታ፣ አባትየው ከመቃብር ሆኖ እንደሚጠይቃቸው አድርጋ አወረደችው። ታናሽዬው አልቻለም፤ ሄዶ ታላቁ እግር ላይ ወደቀ። ሽማግሌ ያልቻለውን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ተክለ ሐዋርያት መኳንንቱን በአውሬ አፍ ነገሩ፤ ታገዱ። እምዬ ጎረቤቶቿን በሟች አፍ ትነግራቸው ነበር፤ የምታለቅስን ሴት ማን ያግዳል?

እኔ ግን አፈርኩባት። ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስሄድ አንድ የአገሬ ልጅ "የአልቃሽ ልጅ" ብሎ ሲሰድበኝ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ አያትህ ምን ትሠራለች ለሚለኝ "ትነግዳለች" እል ጀመር። አዲስ አበባም እንደዚያው። ለንደን ማንም የማያውቀኝ ቦታ እንኳ "አልነበረም" አልኩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ተመለስኩ። በሻንጣዬ የግሎብን መጽሔት ይዤ ነበር፤ ሥዕሉን እያሳየሁ ላስረዳት። የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ብርሃን አጎቴ ቤት አደርኩ። ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገባ። አገራችን ነው፤ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ አያስፈልግም።

እምዬ የሞተችው በፍልሰታ ጾም ነው። ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ደበቁኝ። "ተኝታለች" ስትለኝ እህቴ አልዋሸችም። እኔ ለሊር ልጅ ሳለቅስ የራሴ ሰው ከተቀበረች ሳምንት አልፏት ነበር።

ሰላ ድንጋይ ስንደርስ እህቴን ጠየቅኋት።

"ማን አለቀሰላት?"

"ሁላችንም ነዋ።"

"እሱማ አውቃለሁ። ማን አወረደላት?"

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። "ማንም። የሚችል አልተገኘም። ስፒከር ተከራይተን መዝሙር ከፈትን።"

የአገሩን ሰው ሁሉ ስታስለቅስ የኖረች ሴት፣ ለራሷ አንድ ስንኝ ሳይወርድላት ሄደች። ድምጿ በማንም ስልክ የለም። በእኔም የለም። የለንደን ድልድይ ፎቶ ግን ሞልቶኛል።

አንዳንዶቻችሁ "ለቅሶን ከቴአትር ጋር ታመሳስላለህ? ሐዘን መጫወቻ ነው?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አባቶችም ከልክ ያለፈ ለቅሶን ይገሥጻሉ፤ ልክ ናቸው። ፊት ይነጭ፣ ደረት ይደቃ እያልኩ አይደለም። ሐዘኑም ጨዋታ ነው አላልኩም። እያልኩ ያለሁት፣ እንግሊዝ ለሊር ጩኸት ክብ ቤት መልሶ ሲሠራ፣ እኛ የነበረንን ክብ "ኋላ ቀር" ብለን በተንነው ነው። በተንነው ስል የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ዘመን አይደለም ያፈረባት፤ እኔ ነኝ።

እና ለጠየቅከኝ ወንድሜ፣ የምወዳቸው ሦስቱ እነዚያ ናቸው። ለንደን ከሄድክ ግሎብን እንዳታልፈው፤ የዝናብ ልብስ ያዝ። ከሁሉም የምበልጥብህን ግን ልታየው አትችልም።

እናንተ ግን መንደራችሁ ውስጥ ሙሾ የምታወርድ፣ ፉከራ የሚያውቅ፣ እንጉርጉሮ የምትችል አዛውንት ካለች ወይም ካለ፣ ለበዓል ስትሄዱ ቁጭ ብላችሁ አስፈቅዱና ቅዱ። እምቢ ካሉ አታስገድዱ፤ ቢያንስ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስሙ። ሰው "አያትህ ምን ትሠራለች?" ሲላችሁም በትክክል መልሱ።

እኔ ዛሬ ልመልስ። አያቴ አልቃሽ ነበረች።

ሰላም እደሩ።