ጉሊት ቦሌ ላይ

ደሴ ላደገ ሰው ቦሌ መጀመሪያ የምታሳየው መስታወት ነው። ከኤርፖርት እስከ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ሽቅብ እያየሁ ስሄድ ከስንቱ ሰው ጋር ተጋጭቻለሁ! ልቤን የወሰደው ግን ፎቁ አይደለም፤ ሸራ ላይ ቆመው ያገኘኋቸው የጉሊት ሴቶች ናቸው።

ሠዓሊው ታደሰ መስፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ ተወለደ፤ ስለዚህ የአገሬ ልጅ ብለው የሚከለክለኝ የለም። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስተምሮታል፤ ሶቭየት ኅብረትም ሄዶ ተምሯል፤ ከዚያ ተመልሶ ራሱ ለረጅም ዓመታት መምህር ሆነ። «የሕይወት ምሰሶዎች» የተባሉትን ሥዕሎቹን ለዓለም ያሳየው አዲስ ፋይን አርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ ቦሌ የተከፈተው ጋለሪ።

ሴቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሰውነታቸው ተመዟል፣ ራሳቸው አነስ ብሏል። ከኋላቸው ሌሎች አሉ፤ እየራቁ ያንሳሉ። መንገድ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ሰማይና ምድርን የሚለይ መስመር እንኳ የለም። ቀረብ ሲሉ ፊታቸው ጥቂት የብሩሽ ምት ብቻ ነው። ራቅ ሲሉ ግን ትናንት ቲማቲም የሸጠችልዎ ሴትዮ ትሆናለች።

ይህን እውናዊነት እንበለው? አሜሪካኖቹ እውናዊ ሠዓሊዎች ሳይከራከሩን አይቀሩም። ሮበርት ሄንሪ ፊላደልፊያ ላይ ያሰባሰባቸው እነ ጆን ስሎንና ጆርጅ ሉክስ ለጋዜጣ ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ እሳት፣ አደጋ፣ የሰፈር ጠብ ሮጠው ደርሰው የሚስሉ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከሌሎች ጋር ስምንት ሆነው ኒው ዮርክ ላይ ሥራቸውን ሲያሳዩ፣ የመኳንንት ሳሎን የለመደ ዓይን ከመጠጥ ቤትና ከጠባብ ሰፈር ጋር ተፋጠጠ። ሉክስ እ.ኤ.አ. በ1905 የሳለው የሄስተር ጎዳና የስደተኞች ገበያ ነው፤ መተንፈሻ የለውም፣ ሰው በሰው ላይ ነው።

ታደሰ ግን ግርግሩን ጠርጎ አውጥቶ ሰዎቹን ብቻ አስቀርቷል። በወጣትነቱ ዘመን ፖስተር ላይ የሚወጣው ክንዱን ያነሣ ወዛደር ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት እምብዛም ቦታ አልነበራትም። እኔ ታደሰ ለጉሊት ሴቶቹ የሰጠውን ክብር ከየትኛውም መፈክር አብልጬ ወደድኩት።

እና ባለቤቶቹን ፍለጋ ወጣሁ። የታክሲው ረዳት «መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው!» ሲል ዘልዬ ገባሁ፤ ከመገናኛ ሾላ ገበያ በእግር። አንዲት እናት ማዳበሪያ አንጥፈው ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድረዋል። ጠንካራው ከሥር፣ ለስለስ ያለው ከላይ። እያንዳንዱን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው ነው የሚያስቀምጡት፤ የተሰነጠቀውን ለብቻ አድርገው በርካሽ ለወጥ ይሸጡታል።

አንድ መደብ ገዝቼ ሥዕሉን በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ቆንጆ ናቸው» አሉ። «ገዢው ግን የታለ፣ ልጄ?»

«ሠዓሊው ትቶታል፣ እማማ።»

«እንዲህ ቆመው የሚውሉት ገበያ ጠፍቶ ነዋ!»

ይህን ትችት ሉክስ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። እኔ አሁንም ከታደሰ ጋር ነኝ። እማማ ግን መልሴን አልጠበቁም፤ ከጀርባዬ የቆመችውን ደንበኛ «ነይ የኔ እመቤት፣ የዛሬው አንደኛ ነው» እያሉ ፌስታል ከፍተዋል።