ማን ተደግፎሻል?

መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የምታገናኛቸው አንዲት አጭር ድልድይ ናት። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ፣ ስንቱ ነፍስና ስንቱ ንግድ እሷ ላይ እንደተንጠለጠለ ያኔ ገባን።

ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ፓኬጅ የሚፈልገውን፣ ብዙ ጊዜም ከነቨርዥኑ፣ ጽፎ ይይዛል፤ እሱን የሚፈልጉትን ግን አይጽፍም። መጋቢት 2008 ዓ.ም. አንድ ፕሮግራመር ሌፍት-ፓድ የምትባል የ11 መስመር ኮድ ከኤንፒኤም ሲያነሳት፣ ስሟን ሰምተው የማያውቁ ፕሮጀክቶች ሳይቀሩ ቆሙ።

እኛም አንዴ «አዲስ ቨርዥን ይሻላል» ብለን ቀየርንና ገጻችን ባዶ ሆኖ አደረ። አሁን ተምረናል። ኡቡንቱ ላይ «አርዲፔንድስ» የሚባለው ትእዛዝ ተደጋፊዎቹን በስም ይዘረዝራል፤ እያንዳንዱ የትኛውን ቨርዥን እንደሚፈልግ ማየት ደግሞ የኛ ፋንታ ነው።

ድልድይ ከመንካት በፊት የሚሻገርባትን መቁጠር አይሻልም ትላላችሁ?