ቲቸር፣ አቀንጭራስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከልኝ። ለሥራ ሲንጋፖር ሄዶ የእፅዋት መናፈሻ ውስጥ ያነሳው ነው። ከቅጠል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች፣ ክዳን ያላት፣ ከንፈሯ ቀላ ያለ ትንሽ ማሰሮ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ያቺ በጠመኔ የሳሏት ዝንብ በሊታ! በአካል አገኘኋት» ብሎ ጽፏል።

ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ደበረኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቆቦ ካስተማርኳችሁ አንዳንዶቻችሁ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበራችሁ።

ተክሏ ኔፔንተስ ትባላለች። ዋና ሀገሯ ቦርኒዮ፣ ሱማትራና ፊሊፒንስ ነው። ወደ እኛ የሚቀርቡት ዘመዶቿ ማዳጋስካርና ሲሸልስ ላይ ያሉት ናቸው፤ በአፍሪካ ዋናው ምድር ላይ አትገኝም። እኔም በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ቢሆንም ስለሷ ማስተማር እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ሰሌዳው ላይ ስሥላት ሁላችሁም «አበባ ነው» ትሉኝ ነበር። አበባ አይደለም። ማሰሮው ራሱ ቅጠል ነው። የቅጠሉ መሀል ጅማት ከቅጠሉ አልፎ እንደ ቀጭን ገመድ ይረዝምና ጫፉ ላይ ያብጣል። መጀመሪያ ድፍን ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ ይሞላል፤ ሲደርስ ክዳኑ ይከፈታል። ከተከፈተ ወዲያ አይዘጋም፤ ሥራው ዝናብ እንዳይገባ መከለል ነው። (በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ዝንቧ ስትገባ ግጥም ይላል» ብዬ ያስተማርኳችሁ ካላችሁ አፉ በሉኝ።)

ዝንቧን የሚጥላት ከንፈሩ ነው። ጥቃቅን መስመር መስመር አለው፤ ማር የሚመስል ጣፋጭ ነገርም ያወጣል። ከንፈሩ ሲረጥብ ስስ የውሃ ሽፋን ይይዝና የዝንቧ እግር እንደ ክረምት አስፋልት ላይ ባጃጅ ይንሸራተታል። ከውስጥ ግድግዳው ሰም ያለው ስለሆነ መውጣት የለም። ታች ደግሞ የሚያሟሟ ፈሳሽ ይጠብቃታል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሌላ ነው። እዚያው አንድ ተክል ላይ ሁለት ዓይነት ማሰሮ አለ። መሬት አካባቢ ያሉት ሆዳም ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ሁለት ጸጉራም ክንፍ ይወርዳል። ተክሏ ዛፍ ላይ መውጣት ስትጀምር የሚመጡት ግን ቀጠን ብለው እንደ ማንቆርቆሪያ ይሆናሉ፤ ገመዳቸውም የጎረቤት ቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠማል። ወንዱና ሴቱም እንደ ፓፓያ ለየብቻ ነው።

ለምን ይህን ሁሉ ትደክማለች? አፈሩ ደሃ ስለሆነ። ምግቧን እንደማንኛውም አረንጓዴ ተክል ከፀሐይና ከአየር ትሠራለች፤ ናይትሮጅን ግን ከሥሯ የለም። ከዝንብ ታገኘዋለች።

እዚህ ጋ ስደርስ ነው ከኋላ አንድ ልጅ እጁን ያወጣው። «ቲቸር፣ አቀንጭራስ? እሷም እኮ ትበላለች።»

«አቀንጭራ አረም ነው፤ ተቀመጥ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ተቀመጠ።

በኋላ ነው የሰማሁት። በዚያ ዓመት የአባቱን ማሽላ አቀንጭራ ጨርሶባቸዋል። ልጁ መስከረም ላይ ሁለት ሳምንት የቀረው አቀንጭራ ሲነቅል ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ «ቀሪ» እያልኩ ኤክስ አድርጌበታለሁ።

መቼም ራያ ያደገ ሰው አቀንጭራን አያጣትም። ከጉልበት ብዙም አትበልጥም። ቅጠሏ አረንጓዴ፣ አበባዋ ወይን ጠጅ፣ ለሚያልፍ እንግዳ ፎቶ የሚያስነሳ። ስሟ ራሱ ከመቀንጨር የመጣ ይመስለኛል። ከመሬት በላይ ስታያት ራሷን ችላ የምትኖር ትመስላለች። ከመሬት በታች ግን ሥሯ የማሽላው ሥር ውስጥ ገብቶ ውሃውንም ምግቡንም ይመጣል። ብቅ ስትል ሳምንታት ስትመጥ ከርማለች፤ ዝናብ እየጣለ ማሽላው ድርቅ እንደመታው የሚጠወልገው ለዚያ ነው። ዘሯ እንደ አቧራ ነው። አንዷ ብቻ በአስር ሺዎች ታራግፋለች፤ ከአስር ዓመት በላይም አፈር ውስጥ መጠበቅ ትችላለች።

ምን ትጠብቃለች? የማሽላ ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል። ማሽላው ያን የሚያወጣው ፎስፈረስ ሲያንሰው አጋዥ ፈንገስ ለመጥራት ነው። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ይበልጥ ይጣራል። የተራበው «ድረሱልኝ» ሲል የአቀንጭራ ዘር ሰምቶ ይነሳል።

በመጽሐፍ ቋንቋ አንዷ ነፍሳት በሊታ፣ ሌላዋ ጥገኛ ነች፤ ምዕራፋቸው ይለያያል። ግን ያን ቀን ያስተማርኩት «ተክል ለምን ከሌላ አካል ይወስዳል?» የሚለውን ነበር። ጥያቄውን የያዘው ያ ልጅ ነው። የኔ ምሳሌ ቦርኒዮ፣ የሱ ምሳሌ የአባቱ ማሳ።

በዚህ ጥያቄ ዕድሜውን የሠራ ኢትዮጵያዊም አለ፤ የወሎንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ። በእ.ኤ.አ. 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰደው በማሽላ ሥራው ነው። ቡድኑ ያን ጥሪ በጣም ዝቅ አድርጎ የሚያወጣ ማሽላ አገኘ፤ አቀንጭራዋ ካልሰማች አትነሳም። ወደ እኛ ሀገር ከገቡት ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል። አዎ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትመጡ የምታልፏት የጎብዬ ስም። እኔ ይህን ሳላነሳ ስለ ሱማትራ ጫካ አንድ ሙሉ ፔሬድ አወራሁ።

ዝርያው ግን ሁሉን ፈትቷል አልልም። አጭር ነው። እንደ ደጋሌት ያለ ረጅም ማሽላ የለመደ ገበሬ «አገዳውስ?» ቢል እውነቱን ነው፤ ከብቱ የሚበላው፣ ምድጃው የሚነደው፣ አጥሩ የሚታጠረው በአገዳ ነው። ፍግ መጨመር፣ ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ፣ አቀንጭራዋን ሳታፈራ መንቀል ዛሬም አልቀረም። መንቀሉ ደግሞ የሚደርሰው ትምህርት ሲከፈት ነው።

ልጁን ከአስረኛ ክፍል በኋላ አላየሁትም። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከኋላ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጥ ነበር። የምታውቁት ካላችሁ ይህን አሳዩት። ወንድሜ፣ አዎ፣ ትበላለች። ያን ቀን መመለስ የነበረብኝ እንዲህ ብዬ ነበር። ስለ ሁለቱ ሳምንት ኤክስም ይቅርታ።