አንቀልባው

ጡቷን ያስቀነሰችው ለቁንጅና ነው የሚሉኝ አሉ። ለዓመታት ትከሻና ጀርባዬን ያጎበጠኝ ክብደቱ ነው፤ ቁንጅናው ቢጨመርበትም ኀጢአት አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ አለፍኩት።

የከበደኝ ቤት ስደርስ ነው። ለሳምንታት ልጅ እንዳላነሳ ተነግሮኛል፤ የአንቀልባ ጠፍር ደግሞ የሚታሰረው ደረት ላይ ነው። የሁለት ዓመቱ ልጄ አንቀልባውን እየጎተተ አምጥቶ «እማ፣ አዝይኝ» ሲለኝ ምን ልበለው?

ያን ሰሞን ኢሳይያስ 40፥11ን ደጋግሜ አነበብኩ። እረኛው ግልገሎቹን ይሸከማል፤ እናቶቻቸውን ግን አያስቸኩላቸውም። ከጸሎት ቡድናችን አንዲት እኅት በየማለዳው መጥታ ታዝለዋለች። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ከጀርባዋ የተንጠለጠለች እግሩን እይዛለሁ። ይህን ስጽፍ አምስተኛው ሳምንት ነው፤ አሁንም እሷው ናት የምታዝለው።