«ተሳክቷል» ያለውን ማን አየው?

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለውን ተረት ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ በየክፍሉ ሰምተነዋል። እኔ ግን በደንብ የገባኝ በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን፣ በክረምቱ ዊንጌት አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ጊዜ፣ በቴፕ ካሴት ምክንያት ነው።

መሥሪያ ቤቱ የሒሳብ መዝገቦችን፣ የተቀረጹ ቃለ መጠይቆችንና ሰነዶችን የሚያስቀምጠው በአንድ አሮጌ የዩኒክስ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ማታ ማታ የሒሳቡን፣ የድምፁንና የሰነዱን ቅጂ ተራ በተራ ቴፕ ላይ ይጽፋል። ጠዋት ሪፖርቱ ሲታይ ሦስቱም «ተሳክቷል» ይላሉ። አንድ ቀን ከሰርቨሩ ላይ የጠፋ የአንድ አዛውንት ቃለ መጠይቅ ተፈለገ። ቴፑ ሲታይ ድምፅ የሚባል ነገር የለበትም!

ሁላችንም መጀመሪያ የጠረጠርነው መብራትን ነው፤ ሌሊት ሲጻፍ ጠፍቶ ይሆናል አልን። ጋሼ የምንላቸው የሰርቨሩ ባለሙያ ግን አልተቻኮሉም። ማንበቢያው አቧራ ይዞ እንደሆነ ብለው የማጽጃ ካሴት አስገቡ፤ ለውጥ የለም። ገመዱን ነቅለው ሰኩ፤ ማሽኑ ደህና ነው። የሌሎች ሳምንታት ካሴቶችን ሞከሩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ «ታር» በሚባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ሲያወጡ የተገኘው የሰነዱ ቅጂ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከቴፑ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዩኒክስ አንዱ የቴፕ መሣሪያ ሁለት ስም አለው። በአንደኛው ሲጠራ ጽፎ እንደጨረሰ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ያጠነጥናል፤ በሁለተኛው ሲጠራ ባለበት ይቆማል። በብዙዎቹ የዩኒክስ ዓይነቶች ልዩነቱ «ኤን» የምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ናት። እሷ ስለተዘለለች ድምፁ በሒሳቡ ላይ፣ ሰነዱ ደግሞ በድምፁ ላይ ሲጻፍ ከርሟል።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ ተሳክቷል ይል የለ እንዴ?» ስላቸው፣

«ልጄ፣ እሱ መጻፉን ነው የነገረን፤ መኖሩንማ ማን ጠየቀው?» አሉኝ።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ዋና ዳታቤዙ በስሕተት ሲሰረዝበት፣ የተማመነባቸው የመጠባበቂያ ዘዴዎች አልሠሩለትም፤ ያተረፈው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2011 ጂሜይል የአንዳንድ ተጠቃሚዎቹ ደብዳቤዎች ሲጠፉበት ከቴፕ መልሷቸዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል።

ጋሼ ትእዛዙን አስተካከሉ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ፋይል ከቴፑ ወደ ሌላ ፎልደር ይመለሳል፤ ተከፍቶም ይደመጣል። አንድ ካሴትም ከቢሮው ውጪ ያድራል። የአዛውንቱ ድምፅ ግን አልተገኘም። እሳቸውም አርፈዋልና ድጋሚ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም።

የክፍል ጓደኞቼ፣ እኛም ነገ መቅረጫ ይዘን እንወጣለን። ቀዩ መብራት ስለበራ ብቻ ድምፁ ተቀድቷል ብላችሁ አትመኑ። ከባለታሪኩ ፊት ሳትነሱ ጥቂት መልሳችሁ አድምጡ፤ ማታ ደግሞ ሌላ ቦታ ገልብጡና የገለበጣችሁትን ክፈቱት።

ቸር እንሰንብት።