ከትሮምሶ እስከ ጋራ ሙለታ፦ የአንዲት ነጭ አበባ መንገድ

ትሮምሶ ከአርክቲክ ክበብ አልፋ፣ በ69ኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ የተቀመጠች የኖርዌይ ከተማ ናት። ከግንቦት 12 ገደማ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅባትም። ሰዉ እራቱን በልቶ፣ ልጁንና ውሻውን አስከትሎ ተራራ ይወጣል። ከከተማዋ ድልድይ ማዶ ባለው ተራራ ጥግ የኬብል መኪና አለ፤ እኔ ግን በድንጋይ ደረጃው ወጣሁ። ደረጃውን የሠሩት ከኔፓል የመጡ ሼርፓዎች ናቸው፤ አሠራሩ ያስታውቃል።

የኬብል መኪናው የሚደርስበት ቦታ ከፍታ 421 ሜትር ነው። ይህ ከፍታ በኛ አገር ሰመራ ያህል ነው፤ የአፋር ሐሩር። ትሮምሶ ላይ ግን እዚያ ሳይደርሱ ዛፉ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው ሣር፣ ቋጥኝና የድንጋይ ሽበት ነው። የስሜንን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ብርዱንም መልክዓ ምድሩንም አይስተውም።

የቀለጠ በረዶ በድንጋይ ሥር በሚንጠባጠብበት ቦታ አንዲት አበባ አየሁ። ቁመቷ ከስንዝር አይበልጥም። አራት ነጫጭ የአበባ ቅጠሎቿ በመስቀል ቅርጽ ተዘርግተዋል፤ ይህ የጎመንና የሰናፍጭ ቤተሰብ መለያ ነው። ግንዱ ላይ ያሉት ቅጠሎች ጠርዛቸው መጋዝ ይመስላል፤ ግርጌያቸው ግንዱን አቅፎ ይይዛል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩዋቸው ደግሞ ላያቸውን ኮከብ የመሰለ ደቃቅ ጠጉር ሸፍኖታል። ሳይንሳዊ ስሟ አራቢስ አልፒና ነው። ይህችው ተክል ስሜን ላይ ትበቅላለች፤ ባሌም፣ ኬንያ ተራራም፣ ኪሊማንጃሮም ላይ አለች። በሰሜን በኩል ደግሞ እስከ አይስላንድ፣ ግሪንላንድና ስቫልባርድ ትደርሳለች።

አንድ ተክል ይህን ያህል ተራርቆ እንዴት ሊገኝ ቻለ? የቀድሞ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ በአፍሪካ ተራሮች ላይ ያሉት ከበረዶ ዘመናት በፊት ጀምሮ የቀሩ ጥንታውያን ናቸው ብለው ገምተው ነበር። ዲኤንኤው ሲነበብ ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማርከስ ኮክና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት መሠረት የዝርያዋ መነሻ ትንሿ እስያ፣ ማለትም የዛሬዋ ቱርክ አካባቢ ነው፤ ዕድሜዋም ከ2 ሚሊዮን ዓመት ያነሰ ነው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ወጥታለች። አንደኛው ጉዞ በዓረቢያ ልሳነ ምድር በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ሆነ። ሁለተኛው አውሮፓንና መላውን ሰሜን፣ የሰሜን ምዕራብ አፍሪካን ተራሮች ጭምር ያዘ። ሦስተኛው ለብቻው ወደ ደቡብ ወርዶ ቀድሞ ከመጣው ወገን ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ ተገናኘ።

ኢትዮጵያ ውስጥ! ስለዚህም በዚህ ተክል ዘረመላዊ ብዝኃነት አገራችን ከሀብታሞቹ ወገን ናት። ትሮምሶን፣ አይስላንድንና ግሪንላንድን ያካተተው ግዙፉ ሰሜን ግን በእጅጉ ድሃ ነው። ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ይህ የሰሜን ምድር ከሞላ ጎደል በግግር በረዶ ሥር ነበር። በረዶው ሲያፈገፍግ ባዶውን ምድር ከደቡብ የመጡ ጥቂት ዘሮች ያዙት፤ እነሱም በፍጥነት ተስፋፉ። ተራራው ላይ ያየኋት አበባና ከባሕር ማዶ ግሪንላንድ ያለችው በዘር መልካቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

የኛውን ክፍል በዝርዝር የመረመረው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ሄሬዲቲ በተባለው መጽሔት ወጣ። አዘጋጆቹ አዳነ አሰፋ፣ ስለሺ ነሞምሳ፣ የኦስሎው ክርስቲያን ብሮክማንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኢትዮጵያውያንና ኖርዌያውያን በአንዲት አበባ ዙሪያ አብረው መሥራታቸውን ሳስብ ኩራት ተሰማኝ። ያገኙት ነገር ደግሞ ልብ ይሰርቃል። የኋለኛው እስያዊ ወገን የተገኘው በስሜንና በሐረርጌው ጋራ ሙለታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለዓረቢያ ቀረብ ያሉ ናቸው። የቀደመው ወገን ግን በመላው ከፍተኛ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ተሰራጭቷል። ተራሮቻችን በቆላ ባሕር የተከበቡ ደሴቶች ናቸው፤ ብርድ ለምዶ የኖረ ተክል ቆላውን በቀላሉ መሻገር ስለማይችል በየጫፉ ተነጥሎ የየራሱን መልክ ይይዛል። አልፎ አልፎ ዘር ከተራራ ተራራ ይሻገራል፤ ይህ ግን ብርቅ ነው።

ወደ ትሮምሶ ልመለስ፤ በከተማዋ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው የአርክቲክና የአልፓይን እጽዋት መናፈሻ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተ፣ መግቢያ የማያስከፍል። እንደኛ ደገኛ የሆኑ እጽዋት ከዓለም ተራሮች ተሰብስበው፣ በድንጋይ መካከል ተተክለው፣ በስማቸው ተለይተው ይኖራሉ። ኖርዌይ ራሷ ስቫልባርድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የከፈተችው የዘር ማከማቻም የዓለምን አዝርዕት በቅዝቃዜ ይጠብቃል። የኛ አራቢስ ግን እህል አይደለችም፤ ማንም አዝርዕት ብሎ አይሰበስባትም።

የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ግሪንላንድ ላይ አንድ ሸለቆ ሙሉ ቢጠፋ፣ ያው መልክ በሚቀጥለው ሸለቆ ይገኛል። ጋራ ሙለታ ላይ ያለው ቢጠፋ ግን የዚያን ተራራ ታሪክ የሚተካ ቅርብ ጎረቤት የለውም። እርሻና ግጦሽ ከሥር ይገፉታል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ሽቅብ የሚሸሽበት ጫፍ አጭር ነው። ስሜንና ባሌ ብሔራዊ ፓርክ አላቸው። ለጋራ ሙለታም የሚገባው ይኸው ጥበቃ ነው። እስከዚያው የእጽዋት ተማሪዎቻችንና የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩታችን ከየተራራው ዘር ሰብስበው፣ የየተራራውን ለየብቻ ምልክት አድርገው ያስቀምጡልን።