ጨዋታችንና የእግረኛ ጦር መጻሕፍት

በዚህ መጽሔት ስለ ንባብ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ለአንድ የተለየ ወገን ልጽፍ አሰብሁ፤ ይኸውም ከትምህርት በኋላ በኮምፒዩተር የጦር ሜዳ ጨዋታ ለሚጫወቱት ጓደኞቼ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ፤ መምህራኖቻችንም ሰኞ ጧት በሚያንቀላፉት ዓይኖቻቸው ለይተው ያውቋቸዋል።

የጦር ጨዋታ ስል ሮጦ መተኮስ ብቻ የሆነውን ማለቴ አይደለም። የቼክ አገር ሰዎች የሠሩት፥ ሦስተኛው ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አርማ የተባለው ጨዋታ ከዚያ የተለየ ነው። በእርሱ ውስጥ ሰው በአንዲት ጥይት ይወድቃል፤ ጠላትም ብዙውን ጊዜ ሳይታይ ይተኩሳል፤ ካርታ ማንበብ የማይችል ሰው ግማሹን ሰዓት በዱር ሲባዝን ያሳልፋል። ከዚሁ ጨዋታ ሥር የወጣ ሌላ ዓይነት በልዩ ልዩ አገሮች ለእውነተኛ ወታደሮች ማሠልጠኛ ሆኖ አገልግሏል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ለሚጫወት ሰው የጣት ፍጥነት ብቻ አይበቃውም፤ ማንበብ ያስፈልገዋል።

ምን ያንብብ? ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የቻይናዊውን የሱን ዙን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን የሚነጋገረው ከንጉሥና ከጦር አዛዥ ጋር ነው እንጂ ስምንት ሰው ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተኛ የጓድ መሪ ጋር አይደለም። ስለዚህ ለጊዜው ይቆይ።

እኔ በመጀመሪያ እንዲነበብ የምመክረው እንግሊዛዊው መኮንን ኧርነስት ስዊንተን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመውን ትንሽ መጽሐፍ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የገልቱን መሻገሪያ መከላከል» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ በደቡብ አፍሪካ እንግሊዞችና ቦየሮች ሲዋጉ የሆነ ነው። አንድ ወጣት መኮንን ሃምሳ ሰው ይዞ የወንዝ መሻገሪያ እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ ይኸንንም ሥራ በስድስት ሕልም ስድስት ጊዜ ይሞክረዋል። በመጀመሪያው ሕልም ጠላት ሩቅ ነው ብሎ ምሽግ መቆፈሩን ለነገ ያሳድራል፤ ቅቤና እንቁላል ይዞ የመጣ የአገሩ ገበሬ በሰፈሩ ውስጥ እንደ ልቡ ሲዘዋወርም ዝም ይለዋል። ሌሊቱን የሚሆነውን አንባቢው ይገምታል። በየሕልሙ የቀድሞውን ጥፋት ሲያርም ሌላ አዲስ ጥፋት ይመጣበታል፤ አምስት ጊዜ ይሸነፋል፤ በስድስተኛው ረዳት ጦር እስኪደርስ ድረስ ይቆማል። የተማረውንም በቁጥር እየለየ ይጽፋል፤ ሲደመር 22 ትምህርት ይሆናል። መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ሆነው በነፃ ይገኛል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነቦ ያልቃል። በጨዋታ ሞቶ እንደገና መነሣት ምን ያህል ሊያስተምር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ያሳየኝ የለም። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ከተነሡ በኋላ የሚያደርጉት ያንኑ መንገድ እንደገና መሮጥ ነው።

ሁለተኛው የአሜሪካ ጦር ለእግረኛ መቶና ለጓድ ያዘጋጀው መመሪያ ነው። እንደ ሰዋስው መጽሐፍ ደረቅ ነው። ሆኖም ግማሹ ወገን ተኝቶ መሣሪያውን አነጣጥሮ ሲጠብቅ ሌላው ግማሽ እንዴት እንደሚራመድ፥ ከዚያም ተራቸውን እንዴት እንደሚለዋወጡ በሥዕል ያስረዳል። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ የተማረ ቡድን ያልተማረውን ሲያሸንፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ጀርመናዊው ሮመል በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የሚያስደስት ነው፤ ጦሩ በቆመበት ሁሉ ወዲያው እንዲቆፍር ደጋግሞ ማዘዙን ልብ በሉ። ጸሐፊው በኋላ የሂትለር ጄኔራል መሆኑንም አለመርሳት ነው።

አሁን መጻሕፍቱን አጥፈን ወደ እንጦጦ እንውጣ። መሬት የማያውቅ ሰው ያነበበው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራልና። ከሽሮ ሜዳ በቁስቋም በኩል ሽቅብ ወጥቶ እንጦጦ ማርያም የደረሰ ሰው ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ተራራ ለምን እንደ መረጡት ሳይነገረው ይገባዋል። ወታደሮች ገዢ መሬት የሚሉት ይኸው ነው፤ ከዚህ ሆኖ የሚያይ ሰው ወደ ከተማው የሚመጣውን ሁሉ ያያል። ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገር ግን ለጦር መልካም የሆነው ሥፍራ ለኑሮ አልተመቸም፤ ብርዱና የማገዶ እጦቱ ከተማይቱን ወደ ፍል ውኃ ቁልቁል ሳቧት።

ከተራራው ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ተመልከቱ። የከተማው ሕንጻ ሁሉ እስከ ቦሌና ከዚያም ወዲያ ይታያችኋል። ቅጠል ተሸክማ በቁልቁለቱ የምትሄደው ሴት ግን ከእናንተ መቶ እርምጃ ሳትርቅ አትታይም፤ የተራራው ሆድ ጎብጦ ይሸፍናታል። ለዚህ ነው መጻሕፍቱ ጫፉ ላይ አትቆፍሩ የሚሉት። ጥቂት ወረድ ብሎ ቁልቁለቱ እስከ እግሩ ወለል ብሎ የሚታይበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ሌላ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ሰማዩ ከጀርባው ስለሚሆን ከሩቅ ይታያል። ደግሞ ባሕር ዛፉን ተመልከቱ። ይሸሽጋል እንጂ አይከልልም፤ ቀጭን ግንድ ጥይት አያቆምምና። መሸሸግና መከለል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን በእንጦጦ ዱር ውስጥ በአሥር ደቂቃ መማር ይቻላል።

የካርታንና የርቀትን ነገር ግን ከዓድዋ የበለጠ የሚያስተምር የለም። የጳውሎስ ኞኞን «አጤ ምኒልክ» ወይም ሬይመንድ ጆናስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመውን የዓድዋ ታሪክ እንደ እግረኛ ወታደር ሆናችሁ አንብቡ። ባራቲዬሪ ጦሩን በሌሊት በሦስት ዓምድ ከፍሎ ሲያዘምት የሰጣቸው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ስም ከቦታው ውጭ የጻፈ ነበር። አልቤርቶኔ ስሙን ተከትሎ ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገሠገሠ፤ ከጓደኞቹም ተነጥሎ ሲነጋ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ብቻውን ተገናኘ። ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ራቀ። አንዱ ዓምድ ሌላውን መርዳት አልቻለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የእኛ አባቶች ጀግንነት ምን እንደ ሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህ የጣልያኖቹ መራራቅ ግን በትምህርት ቤት ሲነገር ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። የዓድዋን ዘመቻ በልጅ ዓይን ለማየት የሚፈልግ ደግሞ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስለ ሕይወታቸው የጻፉትን ይመልከት፤ በልጅነታቸው ዘምተው፥ ከዚያ በኋላ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው።

ስለ እኛ ወታደሮች የውጭ ሰው ከጻፈው ሁሉ የምወደው አሜሪካዊው ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ፖርክ ቾፕ ሂል የተባለው መጽሐፍ ነው። ይህ ሰው ስለ ተኳሾች ቁጥር በሌላ መጽሐፉ የጻፈውን በኋላ የመጡ ሊቃውንት ተጠራጥረውበታል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ይነበባል። ሆኖም በ1953 በኮሪያ ስለ ነበሩት የቃኘው ወታደሮች የሌሊት ቅኝት የጻፈው የጓድን ሥራ እርምጃ በእርምጃ ያሳያል። የመጀመሪያው ቃኘው ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነበር፤ ስሙም የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ከእነርሱ አንድም ሰው አልተማረከም፤ ቁስለኛና ሬሳ በጠላት መሬት ትቶ መመለስን አይቀበሉም ነበር።

እናቴ እነዚህን መጻሕፍት አትወድም። ታናሽ ወንድሟ ከባድሜ አልተመለሰም። «ልጄ፥ ሰው የሚሸሸውን አንተ ፈልገህ ታነባለህ?» ትለኛለች። እኔም ጨዋታውን የምተው ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ግን ስለማልተወው፥ ሳያነቡ መጫወት ይብሳል እላታለሁ። አትስማማም።

በሰፈራችን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ዘምቶ አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ሰው አለ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን የገልቱን መሻገሪያ የመጀመሪያ ሕልም በአማርኛ እየመለስሁ አነበብሁለት። በእንቁላሉ ገበሬ ሳቀ። ቀጥዬም በስልኬ ከጨዋታችን የተቀዳ ምስል አሳየሁት፤ ሐኪሙ የወደቀውን ልጅ በፋሻ አስሮ ወዲያው ሲያስነሣው አየ።

«ይኸ ተነሣ?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፥ በጨዋታው እንዲህ ነው።»

«እኔን ለአራት ነው የተሸከሙኝ። አሥር ነበርን። እኔ ስመታ አምስት ቀሩ። አንተ ቁጠረው እስቲ።»

ቈጠርሁት። በመመሪያው ውስጥ ያየኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ዘጠኝ ሰው ሙሉ ሆኖ የተሳሉ ነበሩ። የቃኘው ወታደሮች ቁስለኛቸውን ተሸክመው በዚያ ጨለማ ሲመለሱ ለመተኮስ የቀረው ስንት ሰው እንደ ነበረ ያን ጊዜ አሰብሁ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቡድን አንድ ሕግ አለ፤ የወደቀ ሰው በፋሻ አይነሣም፤ አራት ሰው ይዞት ወደ ኋላ ይወስዳል። ጨዋታው እጅግ ዘገየ፤ ሁለት ልጆችም ሰልችቷቸው ተዉን።

ጋሼ እስከ አሁን አራት ሕልም ሰምቷል። በየመካከሉ አስቁሞኝ መኮንኑ ቀጥሎ የት እንደሚቆፍር ከእኔ ጋር ይወራረዳል፤ ሦስቱን እርሱ ነው የረታኝ። አምስተኛውን ለሚመጣው እሑድ ቀጥሮኛል።